«አሸዋው ያጣራዋል» ለተባለው

የሳቢያን ልጅ፦
ትናንት ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ያለ የዘመዶቼ መንደር ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ወሬው የፍሳሽ ማጣሪያ ኩሬ ይቆፈር አይቆፈር ነው። አንድ ሰው ተነስቶ «ለምን ገንዘብ ታባክናላችሁ? አሸዋው ያጣራዋል» አለ። ተጨበጨበለት። ሌሊቱን ስብሰለሰል አደርኩ። የምንጠጣው እኮ ከዚያው አሸዋ ሥር ነው!

ለገሃሬ፦
ያልኩት እኔ ነኝ፤ አልደብቅም። አያቶቻችን አሸዋ ወንዝ ውስጥ በእጃቸው ጭረው ውሃ ጠጥተዋል። አሸዋ ያጣራል። የድሬ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

የሳቢያን ልጅ፦
ወንድሜ፣ ያኔ አጠገቡ ስንት የሽንት ቤት ጉድጓድ ነበር?

ቀፊራ፦
ውሃ ላይ ነው የምሠራው። «ያጣራዋል» ግማሹ እውነት ነው። ደቃቅ አሸዋ የትል እንቁላል ይይዛል፣ ጀርምም ይቀንሳል። ከሽንት ቤት ፍሳሽ የሚመጣው ናይትሬት የሚባል ንጥረ ነገር ግን ሟሙቶ ከውሃው ጋር ይወርዳል። ብታፈላው አይጠፋም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይበዛል። ክሎሪንም አይነካውም። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ50 ሚሊግራም አይለፍ ያለው በጡጦ ለሚያድጉ ሕፃናት ሰግቶ ነው። ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። የድሬ ጉድጓዶች ናይትሬት ስንቴ ተጠና!

ለገሃሬ፦
ግማሹ እውነት ከሆነ ታዲያ ምን ታጨቃጭቁኛላችሁ?

ቀፊራ፦
ልጅ የሚያሳምመው ሌላኛው ግማሽ ስለሆነ።

ገንደ ቆሬ፦
እኔ ኩሬ አልፈልግም። በ2011 ነሐሴ ቺኩንጉንያ የሚሉት ትንኝ የሚያስተላልፈው በሽታ ገብቶ ቤታችን ውስጥ የቀረ ሰው አልነበረም። የእናቴ ጉልበት አልታጠፍ ብሎ ሽንት ቤት ድረስ አዝያታለሁ። የቆመ ውሃ ሲባል ያንዘፈዝፈኛል።

ቀፊራ፦
እግዜር ይማርልሽ እህቴ። ያቺ ትንኝ ግን የምትራባው በርሚልና አሮጌ ጎማ ውስጥ፣ ክዳን በሌለው ሮቶ ውስጥ ነው። ንጹሕ ውሃ ትወዳለች። ኩሬ ላይ የምትራባ ሌላ ትንኝ አለች፤ ለእሷ ዳር ዳሩን ሣር ማጨድ ነው።

ገንደ ቆሬ፦
ማን ያጭዳል? በየስንት ጊዜው?

ጁገል፦
ከሐረር ነኝ። ጉዳዩ የእናንተ ብቻ አይደለም። የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ውሃችን ከድሬ በኩል ከጉድጓድ ተስቦ፣ ዳገቱን ወጥቶ ነው የሚደርሰን። እናንተ አሸዋ ላይ የደፋችሁትን እኛም እንዳንጠጣው እንፈራለን።

ለገሃሬ፦
አቦ! ውሃችንን ትወስዳላችሁ፣ ደግሞ ትቆጡናላችሁ? የእናንተስ ፍሳሽ ወዴት ነው የሚወርደው?

ጁገል፦
ውሃ የአላህ ነው ወንድሜ፣ የድሬ ብቻ አይደለም። የእኛም ይስተካከል። የእኛ ጥፋት ግን ያንተን አያጸዳውም።

የሳቢያን ልጅ፦
ሐረርና ድሬን ተዉት። ያየሁትን ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አንድ የሽንት ቤት መጣጭ መኪና መብራቱን አጥፍቶ ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ አሸዋ ወንዝ ዳር ቆመ። ቱቦውን ሲፈታ ሰማሁት። ጠዋት ልጆች እዚያው አሸዋ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ኳሱ የተደፋው ጥቁር ፍሳሽ ላይ ተንከባለለ። አንዱ አንስቶ በካናቴራው ጠረገው። የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ደቻቱ ሲመጣ ያገኘውን ሁሉ ይዞ እንደሚሄድ ያውቃል።

ለገሃሬ፦
ይሄን የሚያደርግ ይታሰር፤ እዚህ ላይ አብረን ነን። ግን ኩሬያችሁም እዚያው አሸዋ ላይ ነው የሚቆፈረው። ወደ ሥር ቢሰርግስ?

ቀፊራ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። ሥሩ በሸክላ አፈር ይጠቀጠቃል፣ ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ይነጠፍበታል። ኩሬዎቹ ተከታታይ ናቸው። የመጀመሪያው ጥልቅ ነው፤ አተላው እዚያ ይዘቅጣል። የመጨረሻው ጥልቀት የለውም፤ ጀርሙን ፀሐይ ትገድለዋለች። መብራት አይፈልግም፣ ፓምፕ አይፈልግም። የድሬ ፀሐይ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ለገሃሬ፦
ፕላስቲኩንስ ማን ይገዛዋል? እኔም ያልኩት ገንዘቡን ነው።

የሳቢያን ልጅ፦
አይ፣ አንተ ያልከው «አሸዋው ያጣራዋል» ነው። ሰምቼሃለሁ።

ለገሃሬ፦
አሁንም እላለሁ። ግማሹን ያጣራል ተብሏል።

ገንደ ቆሬ፦
ሣሩን ማን ያጭዳል? እስካሁን የመለሰልኝ የለም።