አስቸኳይ፦ ጽጌረዳዎቹ አንገታቸውን ደፉብኝ፣ ቀለበቱ ነገ ነው

የሄርማታዋ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ! 60 ዘንግ ቀይ ጽጌረዳ ዛሬ ጠዋት ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተልኮልኝ ጅማ ገባ። እንደደረሰ ውሃ ውስጥ ከተትኩት፣ አሁን ግን ግማሹ አንገቱን ደፍቷል። አሮጌ ነው የሸጡልኝ መሰለኝ። ነገ 6 ሰዓት ቀለበት አለ። አስፕሪን ልጨምርበት?

ጀበና፦ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ክተቻቸው እህቴ። ለብ ያለ ነው ያልኩት፣ ቡና አይደለም የምታፈዪው 😄

ማሜ፦ ስኳር! በሊትር አንድ ማንኪያ ስኳር።

አትክልተኛው፦ ሁለት ነገር ሳትነግሪን አለፍሽ። ውሃ ውስጥ ከመክተትሽ በፊት የግንዱን ጫፍ ቆረጥሽው? የታችኛውን ቅጠልስ አራገፍሽ?

የምጠይቅሽ ያለ ምክንያት አይደለም። ተቆርጦ ያለ ውሃ የተጓዘ ጽጌረዳ በተቆረጠው በኩል አየር ይስባል። ውሃ የሚያሳልፉት ቀጫጭን ቧንቧዎች በአየር ይታፈናሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሙሉ ባልዲ ውስጥ ቢቆምም ይጠማል። ከላይ ደግሞ በቅጠሉ በኩል ውሃው እየተነነ ይወጣል፣ ከታች የሚተካ የለም። ቀድሞ የሚዝለው ከእምቡጡ ሥር ያለው አንገት ነው፤ ለጋ ስለሆነ እንደ ታችኛው ግንድ አልጠነከረም።

አሁን ሳፋ ውስጥ ውሃ ሙዪ። ግንዱን ውሃው ውስጥ እንደጠለቀ፣ ከጫፉ 3 ሳንቲሜትር ያህል፣ በስለታም ቢላዋ ወይም በአዲስ ምላጭ አጋድመሽ ቁረጪ። የወረቀት መቀስ ግንዱን ስለሚጨፈልቀው ቧንቧውን መልሶ ይዘጋዋል። ውሃ ውስጥ የሚውለውን ቅጠል በሙሉ አውርጂ፣ የላይኛውን ተዪው። ከዚያ አሥር አሥሩን በጋዜጣ ከእምቡጡ ጀምረሽ ጠቅልዪና ጭንቅላታቸው ቀጥ እንዲል ጠበቅ አድርገሽ እሰሪ። ይሄን እንዳትዘዪው! ጎንበስ እንዳለ ውሃ የጠጣ አንገት ጎንበስ እንዳለ ይጠነክራል። ባልዲው ውስጥ 20 ሳንቲሜትር ያህል ለብ ያለ ውሃ አድርጊ፤ 40 ዲግሪ ገደማ፣ እጅ የማያቃጥል። ብርሃን በማይበዛበት ቀዝቃዛ ክፍል ቢያንስ 2 ሰዓት ይቁም።

የሄርማታዋ፦ ኧረ አልቆረጥኩም፣ ቅጠሉም እንዳለ ነው። ውሃው የጀሪካን ነው፣ ቧንቧ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የለም።

ጂረን ማዶ፦ «አሮጌ ነው» የሚለውን እኔ አልቀበልም። ሻጩን ከመውቀስሽ በፊት እምቡጡን ከሥሩ፣ ከአረንጓዴው ቅጠል ከፍ ብሎ ባለው ቦታ፣ በሁለት ጣት ጫን በዪው። ጠንከር ካለ ትኩስ ነው፣ የጠማው ብቻ ነው። እንደ ጥጥ ለስለስ ካለ ያኔ አሮጌ ነው፣ አትድከሚበት። እምቡጡ ዳር ላይ ያሉት አንድ ሁለት ጠቆር ያሉ የአበባው ቅጠሎች የእርጅና ምልክት አይደሉም፤ የውስጡን ሲጠብቁ የቆዩ ናቸው፣ ቀስ ብለሽ ንቀያቸው። አስፕሪኑን ተዪው፣ የታፈነ ግንድ አይከፍትም።

ቤተ ሙከራ፦ የጀሪካኑን የውስጥ ግድግዳ በጣትሽ ንኪው። ካሙለጨለጨ ያ ባክቴሪያ ነው፤ አዲስ የቆረጥሽውን ጫፍ እንደገና ይደፍነዋል። ጀሪካኑንም ማስቀመጫውንም በበረኪና እጠቢ። አበቦቹ ከለብ ካለው ውሃ ሲወጡ ለሚገቡበት 1 ሊትር ውሃ የሚጨመረው ይሄ ነው፦ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሽታ የሌለው ተራ በረኪና፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ። በረኪናውን መጀመሪያ ውሃው ውስጥ በጥብጪው፣ ሎሚው መጨረሻ ይግባ። ሁለቱን ሳይቀጥኑ በቀጥታ አታገናኚያቸው፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣል!

ማሜ፦ ስኳር ብቻውን ይበቃል እኮ፣ ለምን ታወሳስቡባታላችሁ? በሊትር አንድ ማንኪያ።

ቤተ ሙከራ፦ ማሜ ወንድሜ፣ ስኳር እምቡጡን ይመግባል፣ ልክ ነህ። ግን ባክቴሪያውንም ይመግባል። ያለ በረኪና ከሆነ ውሃው ቶሎ ይደፈርሳል፣ ግንዱም ያሙለጨልጫል። ስኳር ብቻ ከሚገባ ንጹሕ ውሃ ብቻ ይሻላል።

ጀበና፦ ለቀለበቱ ሙዝና አቮካዶ አስገብታችሁ ከሆነ ከአበባው ጋር አንድ ክፍል አታሳድሩት። የበሰለ ፍራፍሬ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ አበባውን ያስረጀዋል። የከሰል ጭስም እንደዚያው ነው፤ ነገ ረከቦቱ ከአበባው ራቅ ይበል።

የሄርማታዋ፦ እምቡጡ ጠንካራ ነው! 40ውን ቆርጬ ጨርሻለሁ፣ ጋዜጣ አለቀብኝ። ፌስታል ይሆናል? አራቱ ደግሞ ጭራሽ ተሰባብረው የወደቁ ይመስላሉ።

አትክልተኛው፦ ፌስታል አይሆንም፤ ውስጡ ያልበዋል፣ እምቡጡ ላይ ግራጫ ሻጋታ ያመጣል። የሲሚንቶ ከረጢት የውስጥ ወረቀት ንጹሕ ከሆነ፣ ካልሆነም የደብተር ወረቀት ይበቃል። አራቱን ጫፋቸውን ቆርጠሽ ከነጭንቅላታቸው ሳፋ ውሃ ውስጥ አጋድመሽ አስተኚያቸው፣ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት። ስታወጫቸው ውሃውን አራግፊላቸውና እንደ ሌሎቹ ጠቅልያቸው። አንገታቸው ላይ በጣት የሚታወቅ ስብራት ካለ ግን አይቀኑም፤ አጭር አድርገሽ ቆርጠሽ ጭንቅላቱን ብቻ ሳህን ውሃ ላይ አንሳፊው።

የፈረንጅ አራዳው፦ ጠረጴዛው ላይ በአረንጓዴው ስፖንጅ ከሆነ የምትሰኩት፣ ስፖንጁን ውሃ ላይ አስቀምጣችሁ በራሱ ክብደት ይስጠም። በእጅ ከተጫነ መሀሉ ደረቅ ይቀራል፣ እዚያ የተሰካው አበባ ሁሉ ከሰዓት ይደፋል። የሰካችሁትን ነቅላችሁ እዚያው ቀዳዳ ውስጥ አትመልሱት፣ ሥሩ አየር ይይዛል።

ማሜ፦ በሎሚው ፈንታ ኮምጣጤ ይሆናል?

ቤተ ሙከራ፦ ሎሚ ካለ ሎሚ። ኮምጣጤ ከሆነ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ከዚያ አትለፍ።

ጀበና፦ የሄርማታዋ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ስንቱ ቀና?