ለቪዲዮ ኤዲቲንግና ለጌም የትኛውን ፕሮሰሰር ልምረጥ?

ኮምፒውተር በራሴ ስገጣጥም የመጀመሪያዬ ነው፤ ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ ላይ ስደርስ መወሰን አቃተኝ። እስካሁን አርቲኤክስ 4060 ግራፊክስ ካርድ፣ 32 ጊጋባይት ዲዲአር5 ራም፣ 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ እና የ650 ዋት ፓወር ሰፕላይ ገዝቻለሁ።

ለጌም ብቻ ቢሆን ራይዘን 7 7700 ወስጄ እገላገል ነበር። የቸገረኝ ካሜራዬ ነው፤ የሚቀርጸው 4ኬ፣ 10 ቢት፣ 4:2:2 (ከተለመደው 4:2:0 የበለጠ የቀለም መረጃ የሚይዝ)፣ በኤች.265 (የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ) ነው። ይኸው ፕሮሰሰርና ካርድ ባለው የጓደኛዬ ኮምፒውተር ላይ ሞከርኩት። ጌሙ እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ ቪዲዮው ግን ገና አንድ ክሊፕ ታይምላይን ላይ ሳስቀምጥ እየተቆራረጠ አላሠራ አለኝ። ፕሮክሲ (ለኤዲቲንግ ብቻ የሚያገለግል ቀለል ያለ የቪዲዮ ቅጂ) ስሠራለት ተስተካከለ፤ ግን ፕሮክሲው ተሠርቶ እስኪያልቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅኩ፣ ይህን ለእያንዳንዱ ሥራ መድገም ይከብደኛል።

ሳጣራ የ4060 ካርድ የተጨመቀ የ4:2:2 ቪዲዮን በሃርድዌር እንደማይፈታ፣ ኮር አይ5 14600ኬ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ግን በኩዊክ ሲንክ (በኢንቴል ግራፊክስ ውስጥ ባለው የቪዲዮ መፍቻ) እንደሚፈታ ተረዳሁ። ሆኖም የ14600ኬ ሶኬት (ማዘርቦርድ ላይ ፕሮሰሰሩ የሚገባበት ቦታ)፣ ኤልጂኤ1700፣ አዲስ ትውልድ ፕሮሰሰር አይቀበልም፤ በ7700 ሶኬት፣ በኤኤም5፣ ግን ማዘርቦርዱን ሳልነካ ወደፊት ፕሮሰሰሩን ብቻ ማሳደግ እችላለሁ። ካርዱን ደግሞ መመለስ አይቻልም።

እንዲህ ያለ ቪዲዮ በየቀኑ የምትሠሩ፣ 14600ኬን ልውሰድ ወይስ 7700ን ገዝቼ በፕሮክሲ ልሥራ?