የአሜሪካን ፉትቦል ውርርድ ደጋፊ ያመጣል እንዴ?

የሆጤው ልጅ፦ ሰላም ነው? እዚህ ደሴ ፒያሳ ቤቲንግ ቤት የሚቀመጠው ሁሉ ጨዋታውን ሳይሆን ቲኬቱን ነው የሚያየው። የአሜሪካን ፉትቦል ሊጉ ኤንኤፍኤል ግን ውርርድ ደጋፊን ወደ ጨዋታው ያቀርባል ባይ ነው። እውነት ነው?

ወሎዬው፦ ወንድሜ፣ ድሮ ሊጉ ራሱ አጥብቆ ይቃወም ነበር እኮ። በ2018 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአብዛኞቹ ግዛቶች የስፖርት ውርርድን የከለከለውን የ1992ቱን ሕግ ሲሽረው ውሳኔው ለየግዛቶቹ ተተወ፤ በ2021 ሊጉ ከአወራራጅ ድርጅቶቹ ከድራፍትኪንግስ፣ ከፋንዱኤልና ከሲዛርስ ጋር ተፈራረመ። ብር ሲመጣ አቋም ተቀየረ 😂

ከኮምቦልቻ፦ ማቅረቡንስ ያቀርባል። 30 ለ 3 እየተመራ ባለ ጨዋታ እንኳ በነጥብ ልዩነቱ፣ ማለትም በስንት ነጥብ ይበለጣል በሚለው የተወራረደ ሰው ቲቪውን አያጠፋም። ያ ግን የቡድን ፍቅር ነው? ለእኔ አይደለም። ተጫዋቾቹማ በሊጉ ጨዋታ መወራረድ ክልክላቸው ነው፣ ካልቪን ሪድሊ የ2022 ውድድር ዘመን ሙሉ ያመለጠው በዚሁ ነው።

የሆጤው ልጅ፦ አሃ፣ የነጥብ ልዩነቱ እኛ ሰፈር ሀንዲካፕ የሚሉት ነዋ!