የእህል ዋጋ ሲወድቅ፦ መንግሥት ይግዛ ወይስ ገበሬው ያቆይ?

ጠያቂ፦ ዋጋ በወደቀበት ዓመት ገበሬውን የሚያተርፈው የቱ ነው? መንግሥት የወለል ዋጋ፣ ማለትም ከዚህ በታች አይወርድም የሚል ዋጋ፣ ወስኖ ቢገዛው ወይስ እህሉን አቆይቶ የሚሸጥበት ብድርና መጋዘን ቢያገኝ? «ሁለቱም» የሚል መልስ አልቀበልም፤ ገንዘቡ የሚበቃው ለአንዱ ነው እንበል።

የእህል ነጋዴ፦ የወለሉን ነገር ታይላንድ ሞክራ አሳይታናለች። እንደ ፈረንጆቹ በ2011 መንግሥት ሩዙን ከገበያው እጅግ በሚበልጥ ዋጋ እየገዛ፣ የዓለም ዋጋ ይወደዳል ብሎ ከመረው። በዚያው ዓመት ህንድ በተራ ሩዝ ላይ ጥላው የነበረውን የውጭ ሽያጭ እገዳ አንስታ ገበያውን ሞላችው። በ2012 ታይላንድ የአንደኛ ላኪነቱን ቦታ አጣች፤ መርሐ ግብሩ በ2014 ቆመ፤ ክምሩን ለማራገፍ ግን ዓመታት ፈጀ።

አራሽ፦ ወንድሜ፣ ነጋዴ ነህና ወለሉ ቢከፋህ አልፈርድብህም። ህንድን ግን በላኪነቷ ብቻ አነሳሃት። በዚያው አገር የፑንጃብና የሃሪያና ክፍለ ግዛቶች ገበሬ፣ መንግሥት በወለል ዋጋ ስለሚገዛው፣ ስንዴውን በስንት እንደሚሸጥ ሲዘራ ያውቃል። በ2020 የግብይት ሕጉ ሲለወጥ ይህ ዋስትና ሊነካብን ነው ብለው ከዴልሂ ደጃፍ አንድ ዓመት ያህል ሰፈሩ፤ ሕጎቹም በ2021 ተሻሩ። ለማይጠቅም ነገር ብርድ ላይ ዓመት የሚተኛ ማን ነው?

የኢኮኖሚክስ መምህር፦ እነሱንስ ጠቅሟል። ግዢው ያተኮረው ግን በስንዴና በሩዝ ላይ ስለሆነ ፑንጃብ የከርሰ ምድር ውሃውን እያሟጠጠ ሩዝ ያበቅላል። እኔ ወደ ማቆየቱ አዘነብላለሁ። በምዕራብ ኬንያ የበቆሎ ገበሬዎች ላይ የተደረገ ጥናት አለ፤ ብዙዎቹ በአጨዳ ሰሞን በርካሽ ሸጠው ከወራት በኋላ ያንኑ በቆሎ በውድ ይገዙ ነበር። ዋጋው እንደሚወጣ ጠፍቷቸው አይደለም፤ የትምህርት ቤት ክፍያው አይጠብቅም። በአጨዳ ወቅት ብድር ሲያገኙ እህሉን ያዙት፤ 29 በመቶ ያህልም አተረፈላቸው። ብዙ ሰው በተበደረበት አካባቢ ግን ሁሉም ስላቆየ የዋጋው ልዩነት ጠበበ፤ የእያንዳንዱ ተበዳሪ ትርፍ አነሰ፤ ያልተበደረው ጎረቤት ግን ተጠቀመ። ይህችን ነጥብ የማቆየት ደጋፊዎች ሲዘሏት አያለሁ።

የባንክ ብድር ሠራተኛ፦ እስቲ እናስላው። በአጨዳ ጊዜ በ100 የሚሸጥ እህል ስድስት ወር ቆየ እንበል። በዓመት 18 በመቶ ወለድ 9 ይሆናል፤ ለመጋዘንና ለከረጢት 4፤ ነቀዝና አይጥ ከመቶ 5 እጁን ወሰዱ። የቀረው 95 እጅ 113 ማምጣት ስላለበት፣ ዋጋው 119 ካልደረሰ ገበሬው ከስሯል። በደንብ ሳይደርቅ ከገባ ደግሞ ሻጋታው ይቀድመዋል፤ በቆሎ እርጥበቱ 13 በመቶ ገደማ ሳይወርድ መከመር የለበትም። ባንክም በሰው ጎተራ ያለን እህል መያዣ አድርጎ አያበድርም፤ ተመዝኖ፣ ደረጃ ወጥቶለት፣ ሌላ ወገን በሚጠብቀው መጋዘን ገብቶ ደረሰኝ ሊቆረጥለት ይገባል።

አራሽ፦ እኅቴ፣ ስሌትዎ ልክ ነው፤ ዋጋው በየዓመቱ ወርዶ ለሚወጣ እህል። በ2012 በአሜሪካ ድርቅ ሰማይ የነካው የዓለም የበቆሎ ዋጋ በ2014 ከግማሽ በታች ወርዶ እስከ 2020 ድረስ ያን ያህል አላንሰራራም። ስድስት ዓመት ሙሉ ጎተራ ውስጥ ላስቀምጠው?

የእህል ነጋዴ፦ እዚህ ላይ ረታኸኝ። ለእንዲህ ያለው ዘመን መጋዘን መድኃኒት አይሆንም። እኔ ብሆን ከምርቱ ሲሶውን ገና ሳይታጨድ በውል እሸጥ ነበር። ከዚያ በላይ ግን አልደፍርም፤ ዝናብ ቢቀር ያልታጨደ እህል ዕዳ ሆኖ ይቀራል።

አራሽ፦ ሲሶውስ ይሁን። የቀረውን በአጨዳ ሰሞን በርካሽ የሚያሸጠኝ የማዳበሪያ ብድር፣ የሚከፈልበት ቀን ከአጨዳው አራት ወር ቢርቅስ ምን ይከለክላል?

የባንክ ብድር ሠራተኛ፦ እኔ በማውቀው የሚከለክል ነገር የለም። አበዳሪ የሚፈራው ገንዘቡ ከገበሬው እጅ ሳይወጣ ካልተቀበልኩ፣ በኋላ አላገኘውም ብሎ ነው።

አራሽ፦ እንግዲያው ጥያቄውን እንደገና እንጻፈው። መንግሥት ያችን አንድ ገንዘብ ለእህል ግዢም ለመጋዘንም ከሚያውላት፣ ብድሩ ለሚራዘምበት ለአራቱ ወር ዋስ ይሁንባት።