ራሽፎርድ ገና ያልታየ አቅም አለው ወይስ ይኸው ነው?

ባለ7ቁጥር፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማርከስ ራሽፎርድን የፕሪሚየር ሊግ ግቦች ከ2019/20 ጀምሮ ደርድሯቸው፦ 17፣ 11፣ 4፣ 17፣ 7። አንዱን ዓመት ተከላካይ ያስለቅሳል፣ በሚቀጥለው የት እንደገባ አይታወቅም። በዲሴምበር 2024 የያኔው የማንቸስተር ዩናይትድ አሰልጣኝ አሞሪም ከሲቲ ጋር ለነበረው ደርቢ ከስብስብ ውጪ አደረገው፤ ከዚያ በውሰት አስቶን ቪላ፣ ከዚያም በውሰት ባርሴሎና። አሁን 28 ዓመቱ ነው። ኡስማን ዴምቤሌም የተወለደው በዚያው በ1997 ነው፤ እሱ ግን የዓለም ምርጥ ተጫዋች ሽልማት የሆነውን ባሎን ዶር ወስዷል። እና ጥያቄዬ፦ ተሰጥኦ እያለው አንድ ቀን የሚያብድ፣ አንድ ቀን የሚጠፋ ተጫዋች በዚህ ዕድሜ ይስተካከላል? ከተስተካከለስ ምኑ ነው የሚስተካከለው? «ጭንቅላቱ ነው» የሚለው መልስ ሰልችቶኛል፤ ዝርዝር ያለው ይምጣ።

ስሌት_ወዳድ፦
መጀመሪያ የዕድልን ድርሻ እንቀንስ። አንድ የመስመር አጥቂ በዓመት 80 ጊዜ ወደ ግብ ይሞክራል እንበል። እያንዳንዱ ሙከራ ግብ የመሆን ዕድሉ በአማካይ 0.12 ቢሆን፣ የሚጠበቅበት 9.6 ግብ ነው። እግሩም ጭንቅላቱም ምንም ሳይለወጥ፣ በዕድል ብቻ ይህ ቁጥር ወደ 3 ገደማ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ስለዚህ አንድ ዓመት 7፣ ሌላ ዓመት 12 ቢያስቆጥር ያው ሰውዬ ነው። ጋዜጠኛው ግን በመጀመሪያው «ወረደ»፣ በሁለተኛው «ተመለሰ» ብሎ ይጽፋል።

የራሽፎርድ 17 እና 4 ከዚህ ይሰፋል፤ እውነት ነው። ግን 4 ያስቆጠረበት 2021/22 በኦገስት 2021 የትከሻ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ዘግይቶ የጀመረበት፣ 25 ጨዋታ ብቻ፣ እሱንም ግማሽ ያህሉን ተቀይሮ እየገባ የተጫወተበት ዓመት ነው። ግብን ከማወዳደራችሁ በፊት ለተጫወተበት ደቂቃ አካፍሉት።

ሌላው ስህተት በ10 ጨዋታ መፍረድ ነው። በ900 ደቂቃ 25 ሙከራ ቢያገኝ የሚጠበቀው 3 ግብ ነው፤ 1 ቢያስቆጥር ወይም 5 ቢያስቆጥር ስለ ብቃቱ የሚነግረን ነገር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በአጭር ጊዜ የሚታየው የሙከራው ብዛትና ቦታ ነው። ከሳጥን ውጪ ከሚመቱ 100 ኳሶች ግብ የሚሆኑት 3 ወይም 4 ናቸው። ከሩቅ መምታት የሚወድ የመስመር አጥቂ እንግዲህ በራሱ ምርጫ «አንድ ቀን ያብዳል፣ አንድ ቀን ይጠፋል»። በሴፕቴምበር 2025 ኒውካስል ላይ ያገባት ሁለተኛዋ ግብ እንዲህ ያለች ናት። ታምራለች፤ ግን በየሳምንቱ አትደገምም።

የፓሪስ_ቅዳሜ፦
ስሌቱ ደህና ነው። ዴምቤሌ ላይ ግን ከዕድል በላይ የተለወጠ ነገር አለ፤ ደግሞም አንድ ነገር ብቻ አይደለም።

ባርሴሎና ስድስት የውድድር ዘመን ቆይቶ 185 ጨዋታ፣ 40 ግብ። «ወጥነት የለውም» የተባለለት ግማሹ ሜዳ ላይ ስላልነበረ ነው። በ2017 እንደመጣ ሄታፌ ላይ የኋላ ጭኑ ጅማት ተበጠሰና ፊንላንድ ሄዶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በ2020 በሌላኛው እግሩ ይኸው ተደገመ። አካሉ ሲፈቅድለት ችሎታው የትም አልሄደም ነበር፤ በ2021/22 በላሊጋ 13 ኳሶችን ለግብ አመቻችቶ አንደኛ የወጣው እሱ ነው።

ፓሪስ (ፒኤስጂ) ሲደርስም ወዲያው አልሰመረም። በመጀመሪያው ዓመት በሊጉ 3 ግብ ብቻ። በኦክቶበር 2024 አሰልጣኙ ሉዊስ ኤንሪኬ ለአርሰናል ጨዋታ ለንደን ሳይወስደው ቀረ፤ ቡድኑም 2 ለ 0 ተሸነፈ፣ አሰልጣኙ ግን ሐሳቡን አልቀየረም። በዓመቱ መጨረሻ አካባቢ ከቀኝ መስመር አንስቶ መሀል አስገባው። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። መስመር ላይ ኳስ ሲቀበል ከጀርባው የሜዳው ጠርዝ ነው፤ ሰው ማለፍ፣ ማሻማት ወይም ወደ ውስጥ ቆርጦ ከ20 ሜትር መምታት አለበት፤ ሦስቱም ብዙ ጊዜ የሚከሽፉ ናቸው። መሀል ሲሆን ግን በሁለቱም እግሩ እኩል ስለሚጫወት ተከላካዩ የትኛውን በር እንደሚዘጋ አያውቅም፤ ግቡም ቅርብ ነው። የመስመር ተከላካዮቹ ሐኪሚና ኑኖ ሜንዴስ መስመሩን ስለሚሸፍኑለት ስፋቱን መጠበቅ የሱ ሥራ መሆኑ ቀረ። በዚያ የውድድር ዘመን በሊጉ 29 ጨዋታ፣ 21 ግብ።

ተጋጣሚ ኳስ ሲይዝ የሚፈጥረው ጫናም አለ። የ2025ቱ የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ላይ የኢንተሩ በረኛ ሶመር ኳስ ሊጀምር ሲል ዴምቤሌ ሳጥኑ ጠርዝ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲያፈጥበት ያየ አይረሳውም። ኳስ ለመንጠቅ የሚያደርገው ጫና በእግሩ የዕለት ስሜት ላይ አይመሠረትም። ቀኑ ባይሆንለት እንኳ ይህን መሥራት ስለሚችል አሰልጣኙ አያወጣውም፤ ደቂቃ ይጠራቀማል፣ ግብም ይከተላል።

ይህን ገልብጦ ራሽፎርድ ላይ መለጠፍ ግን አይሆንም። ራሽፎርድ በዋናነት የቀኝ እግር ሰው ነው፤ ጥሩ ዓመታቱም በዩናይትድ አሰልጣኞቹ በሶልሻየርና በቴን ሃግ ሥር በመልሶ ማጥቃት፣ ከተከላካይ ጀርባ ሰፊ ሜዳ ሲያገኝ ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ተሰብስቦ የሚጠብቅ ቡድን ሲገጥመው ሩጫው መውጫ ያጣል። ሰውየው ይስተካከላል ወይ ከማለት በፊት በሳምንት ስንት ጊዜ ያ ሜዳ ይከፈትለታል ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ተጠባባቂ_ወንበር፦
እኔ ደግሞ «አቅም» የምትሉትን ነገር ማን ለካው እላለሁ። ጣሊያናዊው አጥቂ ባሎቴሊ በዩሮ 2012 ግማሽ ፍጻሜ ጀርመን ላይ ሁለት ሲያገባ 21 ዓመቱ ነበር፤ ሁሉም «የዓለም ምርጥ ይሆናል» አለ። ሊቨርፑል ገብቶ በሊጉ 16 ጨዋታ 1 ግብ። ኒስ ሄዶ በሁለት ዓመት 15 እና 18። ታዲያ ይሄ ሰው ከሸፈ ወይስ ደረሰ? ለእኔ ኒስ ልኩ ነበር። ከአምስት ደቂቃ ቪዲዮ ተነስተን የሰቀልነውን ጣሪያ እኛው አወረድነው።

ዚግዛግ ሁሉ ውድቀት እንዳልሆነ ከፈለጋችሁ ደግሞ አሌክሳንደር ኢሳቅ አለ፤ የኛው አካባቢ ልጅ፣ ወላጆቹ ኤርትራውያን። ዶርትመንድ ውስጥ በቡንደስሊጋ አንድም ግብ አላገባም። በውሰት ቪለም ሁለት ሄዶ በ16 የሊግ ጨዋታ 13። ሶሲዳድ በሁለተኛው ዓመቱ 17፣ በሚቀጥለው ዓመት 6። ኒውካስል 10፣ 21፣ 23። 6 ባገባበት ዓመት ቢፈረድበት ኖሮ ኒውካስል ማን ይገዛው ነበር? ግን ልብ በሉ፣ ያኔ 22 ዓመቱ ነበር። 28 ላይ ፍጥነት ከዚህ በኋላ አይጨምርም፤ ጨዋታው በሙሉ ሩጫ ላይ የቆመ ሰው ሌላ መሣሪያ ማበጀት አለበት። ራሽፎርድ አንድ 20 ግብ የሚያገባበት ዓመት ይኖረዋል፤ ሦስት ተከታታይ ዓመት ግን አልጠብቅም።

ባለ7ቁጥር፦
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ተጨማሪ፦ የ16 እና 17 ዓመት ታዳጊዎችን የሚያሠለጥን ሰው እንዲህ ያለ ልጅ ቢገጥመው በተግባር ምን ያድርግ?

የሜዳ_ኖራ፦
ወረቀትና እስክሪብቶ ያዝ፤ ከግቡ ሌላ አራት ነገር ብቻ ቁጠር። ኳስ ሳይኖረው ከተከላካይ ጀርባ የሮጠው ስንት ጊዜ ነው፤ ሳጥን ውስጥ ኳስ የነካው ስንቴ ነው፤ ሙከራው ከውስጥ ነው ከውጪ፤ ኳስ ከተነጠቀ በኋላ ባሉት 5 ሰከንዶች ሮጧል ወይስ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ስድስት ጨዋታ ቆጥረህ ስታየው ወይ ሩጫው በየጨዋታው ይዋዥቃል፣ ወይ ሩጫው ያው ሆኖ ግቡ ብቻ ይዋዥቃል። ሁለተኛው ከሆነ ልጁን አትንካው፤ ጊዜ ስጠው። የመጀመሪያው ከሆነ ደግሞ በስንተኛው ደቂቃ እንደሚጠፋ ተመልከት። ከ60 ደቂቃ በኋላ ከሆነ የጉልበት ነገር ነው። አንድ ኳስ ካበላሸ በኋላ ከሆነ፣ ስህተት በሠራ ቁጥር የሚያስወጣው አሰልጣኝ አለው ማለት ነው፤ ልጁ ኳሱን መሸሽ ተምሯል።

ቀጥሎ አንድ ነገር ብቻ ቀይር። ለምሳሌ፦ «ከሳጥን ውጪ አትምታ፣ በሌላው ነፃ ነህ»። ቦታም፣ ሚናም፣ ልምምድም አንድ ላይ ከቀየርክ የትኛው እንደሠራ አታውቅም።

ፈጣን ልጅ ከሆነ የኋላ ጭኑን ጠብቅ፤ ዴምቤሌን ዓመታት ያስከፈለው ይኸው ነው። ኖርዲክ የሚባለው እንቅስቃሴ የዚህን ጡንቻ ጉዳት በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ልጁ ተንበርክኮ፣ ከወገቡ ሳይታጠፍ፣ ወደ ፊት ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ መያዝ ሲያቅተው በእጁ ያርፋል። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን፣ 2 ዙር በ5 (በእያንዳንዱ ዙር 5 ጊዜ)። በሁለተኛው ሁለት ቀን፣ 2 ዙር በ6። በሦስተኛው ሦስት ቀን፣ 3 ዙር ከ6 እስከ 8። ብዙዎች የሚያበላሹት በመጀመሪያው ቀን 3 ዙር በ12 ሲያሠሩ ነው፤ ልጁ ሦስት ቀን ደረጃ መውረድ ያቅተዋል፣ ከዚያ በኋላ እንቅስቃሴውን በዓይኑ ማየት አይፈልግም። ከልምምድ በኋላ ይሁን፤ በጨዋታ ዋዜማ ግን አይደረግም። ከዚህ ጋር በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ በደንብ ከተሟሟቀ በኋላ፣ እስከ ሙሉ ፍጥነቱ ድረስ የሚደርስባቸው 4 ወይም 5 የ30 ሜትር ሩጫዎች ይኑሩ፤ በመካከላቸው እስኪያርፍ ጠብቀው። በሳምንቱ ሁሉ ጠባብ ሜዳ ላይ ብቻ የሚጫወት ልጅ ሙሉ ፍጥነቱን የሚያወጣው ለመጀመሪያ ጊዜ በጨዋታው ዕለት ነው፤ የሚጎዳውም ያኔ ነው።

ባለ7ቁጥር፦
ጂም ለሌለውስ?

የሜዳ_ኖራ፦
ጂም አያስፈልግም። ጓደኛው ቁርጭምጭሚቱን በሁለት እጁ መሬት ላይ ተጭኖ ይይዝለታል፤ ከጉልበቱ ሥር የታጠፈ ማሊያ ወይም ጃኬት ይደረግ። የያዘው ልጅ ክብደቱን ወደ ፊት አድርጎ ይጫን፤ ከላላ እግሩ ይነሳና የሚወርደው ልጅ በፊቱ ይደፋል።