የሽንት ቤት ዝቃጭ ማጣሪያ ጣቢያ በደንብ መሥራቱን በምን ልለካ?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ከተማ ዝቃጭ ማጣሪያ ጣቢያ ምን ያህል እንደሚሠራ ገምግሚ ተብያለሁ። መጣጭ መኪኖች ከሽንት ቤት ጉድጓድና ከሴፕቲክ ታንክ ያነሱትን አምጥተው ይደፋሉ። ዝቃጩ ገንዳ ውስጥ ይሰክናል። ወፍራሙ ወደ አሸዋ ማድረቂያ መደብ፣ ውሃው ወደ ኩሬዎች ይሄዳል። አንድ ቀን ናሙና ወስጄ የቢኦዲ (ባክቴሪያ በውሃው ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ሲበላ የሚፈጀው ኦክስጅን፣ የብክለት መለኪያ ነው) ቅነሳው 95 በመቶ ወጣ። ግን አንዱ መደብ ላይ ያለው ዝቃጭ ስድስት ሳምንት ሆኖት፣ በዱላ ስወጋው አሁንም ጭቃ ነው። የመጨረሻው ኩሬም ቡናማ ነው፣ ይሸታል። 95 በመቶ ብዬ ልጻፍ?

ጠጠር፦
እህቴ፣ መቶኛው እንዳይሸውድሽ። ቢኦዲው 8,000 ሚሊ ግራም በሊትር ገብቶ 400 ቢወጣ 95 በመቶ ነው። 400 ግን ራሱ ገና ያልተጣራ፣ ጠንካራ የሚባል የከተማ ፍሳሽ ማለት ነው። ዝቃጭ ሲገባ በጣም ወፍራም ስለሆነ መቶኛው ሁሌም ያምራል። የሚወጣውን ቁጥር ከተፈቀደው የልቀት ደረጃ ጋር አስተያዪው። ደግሞ ዝናብ ኩሬው ውስጥ ገብቶ ካቀጠነው ጣቢያው ምንም ሳይሠራ “ቀነሰ” ይልሻል። የሚገባውንና የሚወጣውን የፍሳሽ መጠን በሊትር ውስጥ ባለው ቢኦዲ አባዢና በኪሎ አስቢ።

የላብ ሰው፦
የመግቢያውን ናሙና ከስንት መኪና ወሰድሽ?

ጀማሪዋ፦
ከአንድ። ቱቦው እንደተከፈተ።

የላብ ሰው፦
በቃ፣ ችግሩ አንዱ እዚያ ነው። መኪናው ሲደፋ መጀመሪያ፣ መሃልና መጨረሻ ላይ የሚወጣው አይመሳሰልም። መጀመሪያ አንዴ፣ መሃል ሁለቴ፣ መጨረሻ አንዴ ቅጂና በባልዲ አዋህጂ። እንዲህ እያልሽ ብዙ መኪና፣ የተለያየ ቀን። ሾፌሩን ከየት እንዳመጣው ጠይቂው፣ ጻፊው። ናሙናው በረዶ ላይ ይሁን፤ ቢኦዲ ደግሞ አያስጠብቅም፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ይድረስ።

ኩሬ ጠባቂ፦
ሾፌሩን ጠይቂ የተባለውን አትዝለዪው። የሕዝብ ሽንት ቤት ዝቃጭ ትኩስ ነው፣ አሞኒያው ብዙ ነው፣ አይሰክንም፣ ውሃውንም አይለቅም። ዓመታት ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ የቆየው ግን ይታዘዛል። ኩሬሽ አረንጓዴ መሆን ሲገባው ቡናማ ከሆነ አሞኒያው አልጌውን እየገደለ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ጭነቱ ከአቅም በላይ ነው። አሞኒያና ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) አብረሽ ለኪ። አንድ ሊትር ዝቃጭ ኢምሆፍ ኮን (ታቹ የሾለ፣ መስመር ያለው መለኪያ ዕቃ) ውስጥ አፍስሺና አንድ ሰዓት ተመልከቺ፤ መስከን አለመስከኑን ያለ ላብራቶሪ ታያለሽ።

ጠጠር፦
የመደቡን ጭነትም፣ ማለትም በዓመት በካሬ ሜትር የሚያርፍበትን ጠጣር (ውሃው ሲወጣ የሚቀረውን ደረቅ) አስዪው። 100 ካሬ ሜትር ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ከፈሰሰ 20 ሜትር ኩብ ነው። በሊትር 30 ግራም ጠጣር ካለው 600 ኪሎ፣ በካሬ 6 ኪሎ። በዓመት 20 ጊዜ ቢሞላ በካሬ 120 ኪሎ። በሞቃት አካባቢ ከ100 እስከ 200 የተለመደ ነው። ካላለፈ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው።

ሴትዮዋ ከጤና፦
የደረቀውን ገበሬ ይወስደዋል? ከወሰደ የወስፋት እንቁላል አስቆጥሪ። የዓለም ጤና ድርጅት የ2006 መመሪያ በአንድ ግራም ጠጣር ከ1 በታች ይላል። ደረቀ ማለት ንጹሕ ሆነ ማለት አይደለም፤ የወስፋት እንቁላል ግትር ነው።

ጀማሪዋ፦
ተመለስኩ። ጭነቱ በካሬ 90 ኪሎ ገደማ ነው፣ ከአቅም በላይ አይደለም። ስለዚህ ዝቃጩ ተጠርጎ ባዶ የነበረ አንድ መደብ ላይ ሁለት ባልዲ ንጹሕ ውሃ ደፋሁ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ውሃው እንዳለ ተኝቷል። በአካፋ ቆፈርኩት። አሸዋው አራት ጣት አይሞላም፣ ከሥሩ ያለው ጠጠር በጥቁር ጭቃ ተጣብቋል። ሠራተኛው እንደነገረኝ ደረቁን በጠረጉ ቁጥር አሸዋው አብሮ ይሄዳል፣ የሚተካው ግን የለም።

ጠጠር፦
ይኸው ግምገማሽ! ሜትር አስደግፈሽ ፎቶ አንሺው። ሌሎቹንም መደቦች አንድ በአንድ ቆፍሪና ጥልቀታቸውን በሠንጠረዥ አስገቢ። መቶኛው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

የላብ ሰው፦
የመኪናዎቹን ናሙና ግን እንዳትረሺ፣ አሸዋው ቢቀየርም አሞኒያው እዚያው ነው።