ጅማ ላይ ፓስፖርት ማውጣትና ማደስ፦ የት ይሞላ፣ በምን ይከፈል፣ ማን ይታመን

ከዴዶ፣ ከሰቃ፣ ከጌራ፣ ከሊሙ እየተደወለ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ጅማ ላይ ማንን ላናግር?» መልሴ አጭር ነው። ማንንም አታናግሩ፣ መጀመሪያ ወረቀታችሁን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩት። እዚህ አካባቢ ፓስፖርት የሚጓተተው በሰልፍ ብቻ አይደለም። የቀበሌ መታወቂያው፣ የልደት ምስክር ወረቀቱና ፋይዳው (ዲጂታል ብሔራዊ መታወቂያው) የሦስት ሰው ስለሚመስሉ ነው።

መጀመሪያ ግን ከተማውን እንምረጥ፤ ጅማ ወይስ አዲስ አበባ? የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ጅማ ላይ ቅርንጫፍ አለው። ይህን እያወቀ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ የሚያመለክት ሰው ብዙ ነው። «እዚያ ይፈጥናል» የሚል ወሬ ስለሰማ ብቻ። እኔ ጅማን ነው የምመክረው። አሻራና ፎቶ ለመስጠት ባለቤቱ ራሱ መቅረብ አለበት፣ ዘመድ አይወክልም። ቀጠሮው ቀን አንድ ወረቀት ጎደለ ቢባል፣ ከጅማ ወደ ሰቃ ወይም ወደ ሰርቦ ተመልሶ ማስተካከል ይቻላል። አዲስ አበባ ላይ ከሆነ ግን የመኪናው፣ የአልጋው፣ የምግቡ ወጪ ሁሉ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። ማመልከቻው የሚሞላው በኢንተርኔት ነው፤ ቅጹ ላይ ክልል፣ ከተማና ቢሮ ምረጡ የሚል ቦታ አለ። ቅጹን የሚሞላላችሁ ልጅ በችኮላ አዲስ አበባን እንዳይጫን እዚያው ቆማችሁ እዩ።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ፣ ወደ ስም አጻጻፍ። የኛ መታወቂያ በቁቤ፣ ማለትም በአፋን ኦሮሞ የላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው። ፓስፖርት ላይ ደግሞ ስም የሚገባው በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ነው። ጫልቱ በቁቤ በ«ሲ» ትጀምራለች፣ ሌላ ወረቀት ላይ በ«ሲኤች» ትጻፋለች። ጥላሁን መታወቂያው ላይ በ«ኤክስ» ነው፣ የትምህርት ቤት ካርዱ ላይ በ«ቲ» ነው። በቁቤ አናባቢው ሲደረብ ሌላ ቦታ ነጠላ ይሆናል። ለኛ ያው አንድ ስም ነው። ለኮምፒውተር ግን ሌላ ሰው ነው።

የጅማ ልጆች የሆናችሁ ደግሞ የአባትና የአያት ስምን ልዩ ትኩረት ስጡት። አባፊጣ፣ አባመጫ፣ አባጊቤ የመሳሰሉት ስሞች አንዱ ወረቀት ላይ ተጣብቀው፣ ሌላው ላይ ለሁለት ተከፍለው ይጻፋሉ። ሲከፈል «አባ» ብቻውን የአባት ስም ሆኖ ይገባና አያት ወደ ጎን ይገፋል። ይሄ ፓስፖርቱ ታትሞ ከወጣ በኋላ ሲታይ ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ ክፍያ፣ ሌላ ጥበቃ ነው። ቀበሌ ላይ ግን ገና ሳይጻፍ «ይጣበቅ» ማለት ብቻ ነው።

የቱን አጻጻፍ እንከተል ለምትሉ፦ ከዚህ በፊት ፓስፖርት ካላችሁ በእሱ ሂዱ። ከሌላችሁ ፋይዳ ላይ የገባውን ያዙ። ፋይዳው ራሱ ከተሳሳተ ማመልከቻ ከመሙላታችሁ በፊት እሱን አስተካክሉ። ፋይዳ ያላወጣችሁ ደግሞ ቅድሚያ ስጡት፤ ምዝገባው በነጻ ነው። «እናፈጥናለን» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን አትስሙ።

የልደት ቀንም እንዲሁ። ብዙ ሰው ወደ ፈረንጅ ሲቀይር ዝም ብሎ 8 ዓመት ይደምራል። ጥቅምት 1990 የተወለደ ሰው በፈረንጅ 1997 ነው፣ ልዩነቱ 7 ነው። መጋቢት 1990 የተወለደው ግን 1998 ነው፣ እሱ ላይ 8 ይሆናል። ቀኑ ራሱ በየወረቀቱ የሚለያይ ከሆነ ደግሞ የልደት ምስክር ወረቀቱ ከመታወቂያው ጋር እስኪገጥም ድረስ ወደ ጅማ አትነሱ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በየቀበሌው ነው ያለው። ችግሩ የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ በስብሰባና በገበያ ቀን አይገኝም። ስለዚህ ቀድማችሁ ደውሉ፣ የአካባቢያችሁን የገበያ ቀን ዝለሉ።

የት ይሞላ? ሦስት መንገድ አለ። በራስ ስልክ፣ በኢንተርኔት ቤት፣ በደላላ።

በራስ ስልክ መሙላት እንግሊዝኛ ለሚያነብና ጥሩ ኔትወርክ ላለው ሰው ምርጡ ነው። ተማሪ ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ ይችላል። ወረቀቶቹን በደንብ ብርሃን ባለበት ቦታ ፎቶ አንሱ፣ ጠርዙ አይቆረጥ፣ ጥላ አይረፍበት። የድረ ገጹ አድራሻ በመንግሥት አድራሻ፣ በ«ጎቭ ዶት ኢቲ» የሚያልቅ መሆኑን እዩ። በቴሌግራም የሚላክላችሁን ሊንክ ተከትላችሁ አትግቡ።

ኢንተርኔት ቤት ለአብዛኛው የገጠር ሰው የሚሻለው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቤቱ ከተመረጠ። ጅማ ውስጥ መርካቶ አካባቢም፣ ፈረንጅ አራዳም፣ ዩኒቨርሲቲው በር ላይም ሞልተዋል። እኔ የምለካቸው በአንድ ነገር ነው፦ ከመላካቸው በፊት ስክሪኑን ወደ ባለጉዳዩ ያዞራሉ ወይስ አያዞሩም? አንድ ቤት ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ለዑምራ የሚሄዱ ከዴዶ የመጡ አባት ነበሩ። የሚሞላላቸው ልጅ መታወቂያቸውን ኪቦርዱ ላይ አስደግፎ፣ ስማቸውን ፊደል በፊደል ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ከዚያ በአፋን ኦሮሞ «አባ፣ ልክ ነው?» አለ። እሳቸው ልጃቸው ጋ ደውለው አጣሩ። ልጁ ስልኩ እስኪያልቅ እጁን ከማውሱ ላይ አንስቶ ጠበቀ። ከኋላ ሰው ተሰልፎ ነበር፣ ግን አልተቻኮለም። እንዲህ ያለ ቤት ትንሽ ቢያስከፍል እንኳ ክፈሉ።

በተቃራኒው ደግሞ «አንተ ሂድ፣ እኔ ሞልቼ እደውልልሃለሁ» የሚል ቤት አለ። ወረቀታችሁን ይዛችሁ ውጡ። የራሱን ስልክ ቁጥር የሚያስገባም አለ። መልእክቱ ሁሉ ወደ እሱ ይሄድና ቀጠሯችሁን ለማወቅ እንኳ እሱን መለመን ይመጣል። የእናንተ ወይም የቅርብ ቤተሰብ ስልክ ይግባ። የማመልከቻ ቁጥሩን በወረቀት ጻፉት፣ በስልክም ፎቶ አንሱት። የቤቱን የአገልግሎት ሂሳብና የመንግሥቱን ክፍያ ለያይታችሁ ጠይቁ። ደባልቆ አንድ ድምር የሚጠራ ቤት አይታመንም።

ደላላን በተመለከተ የምለው ብዙ አይደለም። ደላላ አሻራ አይሰጥላችሁም፣ የተበላሸ ስም አያቀናም። ከዓረብ አገር ልጅ የላከችውን ገንዘብ፣ ወይም የቡናውን ሽያጭ ይዞ የመጣን ሰው «ውስጥ ሰው አለኝ» እያለ የሚያሞኝ ነው። በተለይ እህቶቻችን ለሥራ ሲወጡ ወረቀታቸው ሁሉ በደላላ እጅ መግባቱ ያስፈራኛል። ዋናው የልደት ምስክር ወረቀት ለማንም አይሰጥ፣ ኮፒ ይበቃዋል።

ክፍያ ላይ ቴሌብርና ባንክ ሁለቱም ይሠራሉ። እኔ ቴሌብርን እመርጣለሁ። ማረጋገጫው እዚያው ስልካችሁ ላይ ይቀራል፣ ለባንክ ሰልፍም ሌላ ቀን አይባክንም። ባንክ የሚሻለው ስልክ ላይ ገንዘብ ማንቀሳቀስ ለማይደፍሩ ትልልቅ ሰዎች ነው፣ ደረሰኙን ይያዙ። በ2016 መጨረሻ በወጣው ታሪፍ መደበኛው ባለ 32 ገጽ ፓስፖርት 5,000 ብር ነበር። በ5 ቀን የሚደርሰው አስቸኳይ 20,000፣ በ2 ቀን የሚደርሰው 25,000 ብር ነበር። ከመክፈላችሁ በፊት ድረ ገጹ ላይ የሚታየውን ዋጋ እዩ። ቪዛ ወይም የሕክምና ቀጠሮ በእጃችሁ ከሌለ አስቸኳይ አትክፈሉ፤ ያ ብር ለመንገዱም ለስንቁም ይሆናል። በርግጥ የታመመ ሰው ያለበት ቤት ሌላ ነው። እሱ ቅርንጫፉን ቀድሞ ይጠይቅና የሚፈጥነውን ይያዝ።

ማደስ ከአዲስ ይቀላል። የድሮውን ፓስፖርት ዋናውንና ኮፒውን፣ የታደሰ መታወቂያችሁን ያዙ። ከየካቲት 2017 ወዲህ የሚሰጠው ኤሌክትሮኒክ ፓስፖርት ነው። የድሮው ግን ጊዜው እስኪያልቅ ያገለግላል፣ አዲሱ መጣ ብላችሁ ያለቀጠሮ አትሩጡ። መሮጥ ያለበት ሌላ ሰው ነው፦ የቀረው ጊዜ ከ6 ወር ሊያንስ የተቃረበ። ብዙ አገሮች ከዚያ ያነሰውን አይቀበሉም፣ ለሐጅና ለዑምራም ይሄ ይታያል። የጠፋበት ሰው ደግሞ የፖሊስ ማስረጃ ሳይዝ አይምጣ። ከ18 ዓመት በታች ልጅ ካለ ወላጅ ወይም ሞግዚት መታወቂያውን ይዞ አብሮ ይቅረብ።

ከሲግሞ፣ ከሰጠማና ከጌራ ለምትመጡ፦ ቀጠሮው ጠዋት ከሆነ ዋዜማውን ጅማ እደሩ፣ በተለይ ክረምት ላይ። ሐሙስ የጅማ ገበያ ነው፣ መኪናውም ይጨናነቃል። ስለዚህ ቀን መምረጥ ከቻላችሁ ማክሰኞን ወይም ረቡዕን ያዙ። ስትመጡ ሁሉንም ወረቀት ዋናውንም ኮፒውንም በላስቲክ ጠቅልሉ።